ስለማይከደን ዐይን

የሰው ልጅ ዐይኑን ከአካሉ ኹሉ አብልጦ እንደሚወድ የታወቀ ነው፤ የሚወደውንም ሰው «ዐይኔ» ብሎ መጥራቱ ስለዚህ ነው። ነገር ግን ዐይኑን የሚወድ ኹሉ ስለ ዐይኑ ደጃፍ ብዙ አያስብም። ደጃፉ የዐይን ቆብ ነው። ቤት ምንም ያማረ ቢኾን መዝጊያ ከሌለው ነፋስና አቧራ እንደሚገባበት፤ ዐይንም ምንም ብሩህ ቢኾን ቆቡ በሚገባ ካልተከደነ ብርሃኑ ብዙ ዘመን አይቈይም። ዛሬ በዚህ በቤተ ሰብ ገጻችን ለክቡራን አንባቢዎቻችን የምንነግረው ከልደታቸው ዠምሮ የዐይናቸው ቆብ ስለማይከደንላቸው ሕፃናት፤ ስለ ሕመሙም ምክንያት፤ ሐኪሞችም ቆቡን ለማቃናት ስለሚሠሩበት ጥበብ ነው። ሕመሙ እጅግ ጥቂት ሰው ብቻ የሚያገኘው ነው፤ ኾኖም በአንድ ቤት በገባ ጊዜ ለዚያ ቤት ጥቂት አይደለም። ያላወቁት ነገር ከሕመሙ ይልቅ የሚጎዳበት ጊዜ አለና፤ አስቀድሞ ማወቅ ለማንም አይከፋም።

በመዠመሪያ የቆብን ሥራ እንናገር። የዐይን ቆብ ቆዳ በሰውነት ላይ ካለው ቆዳ ኹሉ የሳሳ ነው፤ ውፍረቱ አንድ ሚሊሜትር አይሞላም። እንዲህ የሳሳው ሳይከብድ ቶሎ ቶሎ እንዲነሣና እንዲወድቅ ነው። ሰው ነቅቶ ሳለ በአንድ ደቂቃ ውስጥ 15 ጊዜ ያህል ዐይኑን ከደን ገለጥ ያደርጋል፤ በያንዳንዱም ጊዜ ቆቡ እንባውን እንደ ቅባት አድርጎ በብሌኑ ፊት ላይ ያለብሰዋል። በብሌኑ ፊት ያለው ሽፋን፤ ሐኪሞች ኮርኒያ የሚሉት፤ እንደ መስተዋት የጠራ ነው፤ የደም ሥርም የለበትም፤ ጥራቱም የሚጠበቀው በዚህ እንባ ነው። በቆቦቹ ጠርዝ ላይ፤ በአፍንጫ በኩል፤ እንባው ወደ አፍንጫ የሚወርድባቸው ጥቃቅን ቀዳዳዎች አሉ፤ ቆቡ ከዐይኑ ሲርቅ እነርሱም አብረው ስለሚርቁ እንባው መንገዱን ስቶ በጕንጭ ላይ ይፈሳል።

ቆብ በኹለት መንገድ ይበላሻል። አንደኛው ወደ ውስጥ መታጠፍ ነው። ይህን በአገራችን ብዙ ሰው ያውቀዋል፤ ትራኮማ ወይም የዐይን ማዝ የሚባለው ሕመም የተመላለሰበት ሰው የቆቡ ውስጠኛ ገጽ ጠባሳ ይይዝና ጠርዙ ወደ ውስጥ ይታጠፋል፤ ሽፋሽፍቱም ብሌኑን ይፍቀዋል፤ የቤት ሰዎችም ፀጉሩን በወረንጦ ይነቅሉለታል። ኹለተኛው የዚህ ተቃራኒ፤ ወደ ውጭ መገልበጥ ነው፤ ሐኪሞች ኤክትሮፒዮን ይሉታል። የማዝ ጠባሳ ቆቡን ወደ ውስጥ ሲስብ፤ ይህ ግን በውጭ በኩል ያለው ቆዳ ሲያጥርና ሲወጠር የሚኾን ነው። እሳት ፊቱን ያቃጠለው ሰው እንዲህ ይኾንበታል፤ ዛሬ የምንናገርለት ሕፃን ግን እሳት ሳይነካው ከማሕፀን ይዞት የሚወጣ ነው።

የሕመሙ ስም ላሜላር ኢክትዮሲስ ይባላል። ስሙ የወጣው በጽርዕ ቋንቋ ዓሣ ከሚለው ቃል ነው፤ የሕመምተኛው ገላ የዓሣ ቅርፊት በመሰለ ደረቅ ነገር ስለሚሸፈን ነው። ከ100,000 ሕፃናት አንዱን እንኳ የማያገኝ ስለ ኾነ ብዙ ሐኪም ዕድሜውን ኹሉ ሲሠራ ኖሮ አንድም ጊዜ ላያየው ይችላል። ሕፃኑ ብዙ ጊዜ የሚወለደው በሚያብረቀርቅ ብራና የተጠቀለለ መስሎ ነው፤ ይህንም ሐኪሞች የኮሎዲዮን ሽፋን ይሉታል። ሽፋኑ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ እየተሰነጠቀ ይወድቃል፤ ከዚያ በኋላ ግን ሰፋፊና ጠቈር ያለ ቅርፊት በገላው ኹሉ ይወጣል፤ ከፊቱም ከመገጣጠሚያዎቹም አይቀርም። እርጥብ ጠፍር ሲደርቅ እንደሚኮማተር ኹሉ፤ ይህ ደረቅ ቆዳ የፊቱን ገላ ወደ ግንባርና ወደ ጕንጭ ይስበዋል፤ በዚህ ጊዜ ከኹሉ የሳሳው የዐይን ቆብ ይሸነፍና ይገለበጣል፤ ቀዩም ውስጠኛ ክፍል ወደ ውጭ ይታያል። አንዳንድ ጊዜ ከላይም ከታችም አራቱም ቆቦች ይገለበጣሉ።

ይህን የሚያይ ሰው አስቀድሞ የሚያዝነው ስለ ሕፃኑ መልክ ነው፤ ይልቁን ሊያስፈራው የሚገባው ግን ሌሊቱ ነው። ቀን ሕፃኑ ነቅቶ ሳለ እናቱ ታየዋለች፤ እርሱም የቻለውን ያህል ቆቡን ያንቀሳቅሳል። ሌሊት ግን ዐይኑ እንደ ተገለጠ ያድራል። በተኛ ጊዜ ብሌኑ ወደ ላይ ይሸሻል፤ ይህ የተፈጥሮ መከላከያ ጥቂት ይረዳል እንጂ አይበቃም። ኮርኒያው ይደርቃል፤ የደረቀው ይላጣል፤ የተላጠው ይቈስላል፤ በቍስሉም ውስጥ ጥቃቅን ተሐዋስያን ይገቡበታል። ቍስሉ ቢድን እንኳ ነጭ ጠባሳ ይተዋል፤ ያ የጠራ መስተዋት ጢስ የመታው መስኮት ይመስላል። ካልዳነ ግን ዐይኑ እስከ መበሳት ይደርሳል። ስለዚህ የሕፃኑ ዐይን ከወትሮው አብልጦ ቢቀላ፤ ብርሃን ቢሸሽ፤ መግል ቢይዝ፤ በብሌኑም ላይ ነጭ ነጥብ ቢታይ፤ ነገ ሳይሉ በዚያው ቀን ወደ ዐይን ሐኪም መውሰድ ይገባል።

«ይህ ሕፃን ስለ ምን እንዲህ ኾነ?» ብሎ የሚጠይቅ ብዙ ነው፤ መልሱም እንደ ተናጋሪው ነው። አንዱ የአያት እርግማን ነው ይላል፤ ሌላው እናቲቱ በርግዝናዋ ጊዜ የሚያስደነግጥ ነገር አይታ ነው ይላል፤ በዚህም ንግግር ምክንያት የሚቀዘቅዝ ትዳር አይታጣም። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ1995 ዓ/ም ተመራማሪዎች ከሕመሙ ምክንያቶች ዋናውን አገኙ፤ (ከዚህ በታች የምንጠቅሰው ዘመን ኹሉ በዚሁ አቈጣጠር ነው።) ትራንስግሉታሚኔዝ 1 የሚባል፤ ምርጊት የግድግዳን እንጨት አያይዞ እንደሚያጸና የቆዳን የላይኛ ንጣፍ የሚያያይዝ ነገር በሰውነት ውስጥ አለ፤ የዚህ ነገር ጂን፤ ማለት ከወላጅ ወደ ልጅ የሚተላለፈው የዘር ትእዛዝ፤ የተበላሸ እንደ ኾነ ቆዳው ውሃውን መያዝ ያቅተዋል፤ ለማካካስም ቅርፊት ይደራርባል። ከዚያም ወዲህ ይህን ሕመም የሚያመጡ ሌሎች ጂኖች ተገኝተዋል።

ልጁ ሕመምተኛ የሚኾነው የተበላሸውን ጂን ከአባቱም ከእናቱም የወረሰ እንደ ኾነ ነው። ወላጆቹ ግን እያንዳንዳቸው አንድ የተበላሸ አንድ ደኅና ስላላቸው ምንም ሕመም አይታይባቸውም። እንዲህ ባሉ ባልና ሚስት መካከል በሚኾነው ርግዝና ኹሉ ሕመሙ የሚገኝበት ዕድል ከአራት አንድ ነው፤ ይህም ማለት አንዱ ከታመመ ሦስቱ ደኅና ይኾናሉ ማለት አይደለም፤ ዕጣው በየርግዝናው እንደ አዲስ ይጣላል። እንግዲህ ጥፋቱ የእናት ብቻ ወይም የአባት ብቻ ነው ማለት ፈጽሞ ስሕተት ነው፤ ጥፋት የሚባልም ነገር የለበትም። የሥጋ ዘመዶች ግን አንድን የተደበቀ ጕድለት ከአንድ አያት በጋራ የመውረስ ዕድላቸው ከባዕድ ይልቅ ይበዛል። አባቶቻችን እስከ ሰባት ቤት ቈጥረው ሳይገናኝ ማጋባታቸው፤ ለሌላም ምክንያት ቢኾን፤ በዚህ በኩል ለልጅ ልጆቻቸው ጥቅም ያለው ሥርዐት ነው።

አኹን ወደ ሕክምናው እንምጣ። ሐኪም ቢላዋ ከማንሣቱ በፊት ብዙ ሥራ አለ። ገና በተወለደው ሕፃን ላይ ቆቡ ተገልብጦ ቢታይ ወዲያው ተስፋ መቍረጥም ወደ ቀዶ ሕክምና መቸኰልም አይገባም፤ የኮሎዲዮን ሽፋኑ ሲወድቅ መወጠሩ ላልቶ ቆቡ በከፊል ወይም በሙሉ የሚመለስላቸው ብዙዎች ናቸውና። እስከዚያ ድረስ ዐይኑ እንዳይደርቅ ቀን የእንባ ምትክ የኾነ ጠብታ፤ ሌሊት ለዐይን የተዘጋጀ ወፍራም ቅባት ይደረግለታል፤ የቆቡና የጕንጩ ቆዳም ቫዝሊንን በመሰለ ቅባት በቀን ብዙ ጊዜ ይለሰልሳል። ቅርፊቱን በጥፍር መላጥ ቍስል ያመጣል። ቅርፊት የሚያረግፈውን ሳሊሲሊክ አሲድ የሚባለውን መድኃኒት ሐኪም ሳያዝ በሕፃን ገላ ላይ መቀባት አደገኛ ነው፤ መድኃኒቱ በዚህ ቆዳ በኩል ወደ ደም ስለሚገባ መርዝ ይኾናል። የቅጠል ጭማቂም ኾነ ሌላ ያልታወቀ ነገር በተገለጠ ዐይን ውስጥ መጨመር ቍስልን ማባባስ ነው።

ልጁ ከፍ ሲል ሕመሙ ለጸናበት ሐኪሞች ከቫይታሚን ኤ ወገን የኾነ አሲትሬቲን የሚባል የሚዋጥ መድኃኒት ያዝዛሉ፤ ቅርፊቱን ስለሚያሳሳ የፊቱ መወጠር ይላላል፤ ቆቡም ጥቂት የሚመለስበት ጊዜ አለ። ነገር ግን ጕበትንና የደምን ስብ መመርመር ያስፈልጋል፤ ዐይንንም ሊያደርቅ ይችላል። ከኹሉ በላይ ግን በጽንስ ላይ ከባድ ጕዳት ያመጣል፤ ይህን መድኃኒት የወሰደች ሴት ካቆመች በኋላ እንኳ እስከ 3 ዓመት ድረስ ማርገዝ አይገባትም። ልጃቸውን ለመዳር የሚያስቡ ወላጆች ይህን ነገር ከሐኪሙ ጋራ አስቀድመው መነጋገር አለባቸው።

ይህ ኹሉ ተደርጎ ዐይኑ አልከደን ቢል፤ ወይም ኮርኒያው መጐዳት ቢዠምር፤ ያን ጊዜ ቀዶ ሕክምና ይታሰባል። የተገለበጠ ቆብን በተተከለ ቆዳ ማቃናት የቈየ ጥበብ ነው። በ1875 ዓ/ም በስኮትላንድ በግላስጎው ከተማ ዶክተር ጆን ራይስበርግ ዎልፍ የሚባሉ የዐይን ሐኪም ባሩድ ፊቱን ላበላሸው፤ የታችኛው ቆቡም ለተገለበጠ ሰው ከክንዱ ላይ ቆዳ በሙሉ ውፍረቱ አንሥተው በቆቡ ላይ ተከሉለት። በዚያ ዘመን ብዙዎቹ ሐኪሞች ወደ ዐይን የሚያመጡትን ቆዳ በአንድ ወገን ከሥሩ ሳያላቅቁ ከአጠገቡ ያዞሩት ነበር እንጂ ፈጽሞ የተለየ ቆዳ ይጸናል ብለው አያምኑም ነበር። የዶክተር ዎልፍ ምስጢር ከቆዳው በታች ያለውን ስብ ኹሉ ጠርገው ማንሣታቸው ነው፤ የተተከለ ቆዳ በመዠመሪያው ጊዜ የሚኖረው ከተኛበት ሥጋ በሚመጠው እርጥበት ነውና፤ ስብ በመካከል ካለ ይከለክለዋል። በኋላም በ1914 ዓ/ም በተነሣው ጦርነት ፊታቸው የተቃጠለ ወታደሮችና መርከበኞች በበዙ ጊዜ ሐኪሙ ሃሮልድ ጊሊስ በእንግሊዝ አገር በሲድከፕ ይህን ሥራ አስፋፉት፤ ስለ ፊት ጥገናም የጻፉት መጽሐፍ በ1920 ዓ/ም ታተመ።

ዛሬ የሚደረገውም በመሠረቱ ያው ነው። ሕመምተኛው በማደንዘዣ ከተኛ በኋላ ሐኪሙ ከሽፋሽፍቱ አጠገብ ትይዩ አድርጎ ቆዳውን ይቀድዳል፤ የወጠረውንም ኹሉ እየፈታ ቆቡ ወደ ቦታው እስኪመለስ ድረስ ይለቀዋል። በዚህ ጊዜ ባዶ ቦታ ይከፈታል፤ የወጠረው ቆዳ ምን ያህል አጥሮ እንደ ነበረ የሚታወቀው ያን ጊዜ ነው። በዚህ ባዶ ቦታ ላይ ከሌላ ስፍራ የመጣ ቆዳ ይሰፋበታል፤ የተተከለ ቆዳ እየቈየ የሚኮማተር ስለ ኾነ ከቦታው ሰፋ ተደርጎ ይቈረጣል። ከዚያም ቆዳው ከሥጋው ጋራ እንዲጣበቅ ጠበቅ ተደርጎ ይታሰራል፤ ማሰሪያው ብዙ ጊዜ እስከ አንድ ሳምንት ያህል አይፈታም። ለጊዜው ዐይኑን ለማዳን ሲፈለግ ደግሞ የላይኛውና የታችኛው ቆብ ጫፍ በከፊል ተሰፍቶ ይገጠማል።

የዚህ ሕመም ጭንቅ ግን እዚህ ላይ ነው። ለተቃጠለ ሰው ቆዳ የሚወሰደው ከጆሮው ኋላ፤ ከአንገቱ ሥር ወይም ከክንዱ ውስጠኛ ወገን ነው፤ እሳት ያልነካው ደኅና ቆዳ አለውና። በላሜላር ኢክትዮሲስ የታመመ ሰው ግን ገላው ኹሉ ታማሚ ነው። ከየትም ቢወሰድ የሚተከለው ቆዳ ያንኑ ጂን ይዞ ይሄዳል፤ በአዲሱ ቦታም ቅርፊት ማብቀሉን አይተውም፤ በዙሪያው ያለውም የጕንጭና የግንባር ቆዳ መሳቡን አያቆምም። ስለዚህ የተቃና ቆብ ከወራት ወይም ከዓመታት በኋላ እንደ ገና ሊገለበጥ ይችላል፤ አንዳንድ ሕመምተኞችም ከአንድ ጊዜ በላይ ይቀደዳሉ።

ሐኪሞች ለዚህ ነገር መላ መፈለጋቸውን አልተዉም። አንዳንዶቹ በቆዳ ፈንታ ከአፍ ውስጥ፤ ከጕንጭ ወይም ከከንፈር ውስጠኛ ክፍል፤ ስስ ሽፋን ወስደው ተክለዋል፤ የአፍ ውስጥ ሽፋን እንደ ገላ ቆዳ ቅርፊት አያወጣምና። ከዚህ ሕመም የከፋ፤ ሃርለኪን ኢክትዮሲስ የሚባል ሕመም ይዞት ለተወለደ አንድ ሕፃን ደግሞ የአሜሪካ ሐኪሞች ከሰው ሕዋስ በሥራ ቤት የተዘጋጀ ቆዳ ተጠቅመው ቆቡን እንዳቃኑ በ2002 ዓ/ም ጽፈዋል። እነዚህ ኹሉ በጥቂት ሰዎች ላይ የተፈተኑ ናቸው፤ ሕመሙ ብርቅ ስለ ኾነ ብዙ ሕመምተኞችን ሰብስቦ ማመዛዘን አይቻልምና። የሚሻለውን መምረጥ የሕመምተኛውን ዐይንና ገላ ላየው ሐኪም የሚተው ነው።

ለወላጆች አጥብቀን ልንነግር የምንወደው ነገር ይህ ነው። ብዙ ሰው ቀዶ ሕክምናን እንደ መጨረሻ ፍርድ ይቈጥረዋል፤ አንድ ጊዜ ከተደረገ ነገሩ ያለቀ ይመስለዋል። ገንዘብ አውጥቶ፤ ሩቅ አገር ተጕዞ፤ ልጁን ይዞ በደስታ ይመለሳል፤ ቅባቱንም ይተወዋል። ቆቡ እንደ ገና ሲገለበጥ ያን ጊዜ ሐኪሙን ይነቅፋል፤ ወይም እግዚአብሔር ጨርሶ ተቈጥቶናል ብሎ ልጁን እልፍኝ ውስጥ ይሸሽገዋል። የልጁ ዐይን የሚጠፋው በዚህ በተስፋ መቍረጥ ወራት ነው። የቆቡ መመለስ የሐኪሙ አለማወቅ ወይም የወላጅ ኀጢአት ምልክት አይደለም፤ የሕመሙ ጠባይ ነው። ይህን አስቀድሞ ያወቀ ሰው ከቀዶ ሕክምናው በኋላም ሌሊት ሌሊት ቅባቱን አያስታጕልም፤ ቀን ቀን የጕንጩን ቆዳ ማለስለስ አይተውም፤ በቀጠሮውም ቀን አይቀርም፤ የመገልበጡን መዠመሪያ ባየ ጊዜ ዐይኑ ሳይቈስል ይደርስለታል።

ስለዚህ ወደ ሐኪም የሚሄድ ወላጅ እነዚህን ነገሮች ቢጠይቅ መልካም ነው። ኮርኒያው አኹን ደኅና ነው ወይስ ተጐድቷል? ጊዜ ወስዶ በቅባትና በመድኃኒት መታገሥ ይቻላልን? የሚተከለው ከየት ይወሰዳል? ተመልሶ ቢገለበጥ ምን ይደረጋል? በቤትስ በየሰዓቱ ምን እናድርግ? ይህም ሕመም የአንድ ሐኪም ብቻ አይደለም፤ የዐይን ሐኪምና የቆዳ ሐኪም ተመካክረው የሚያዩት ነው። በአዲስ አበባ የዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል በዐይን፤ አለርት ሆስፒታል በቆዳ ሕክምና የታወቁ ናቸው።

በቤትም በትምህርት ቤትም ልጁን የሚረዱ ቀላል ነገሮች አሉ። የጢስና የአቧራ ቦታ ለዐይኑ አይስማማም፤ ስለዚህ ከምድጃ አርቆ ማስተኛት፤ በክፍልም ውስጥ ነፋስ ከሚገባበት መስኮት ራቅ አድርጎ ማስቀመጥ ይገባል። ቆዳው ላብ በሚገባ ስለማያወጣ በፀሓይ ሲሮጥ ገላው ከመጠን በላይ ይግላል፤ ጥላና ውሃ እንዲያገኝ መፍቀድ ያስፈልጋል። ሕመሙ በመንካትም በአብሮ መብላትም አይተላለፍም። አስተማሪው ይህን ለክፍሉ ልጆች አንድ ጊዜ በግልጽ ቢነግራቸው ለልጁ ከብዙ መድኃኒት የሚሻል ነገር ያደርግለታል፤ አእምሮው እንደ ማንኛውም ልጅ ነውና፤ ዐይኑ እስከ ተጠበቀለት ድረስ ተምሮ ለራሱም ለወገኑም የሚጠቅም ሰው ይኾናል።

በሥልጣንና በማዕርግ ላይ ያላችሁ አንባቢዎቻችንም በምታስተዳድሩት አገርና መሥሪያ ቤት እንዲህ ያለ ልጅ ያለው ሰው ሲያጋጥማችሁ፤ ልጁን ለቀጠሮ የሚያደርስበት ፈቃድ እንዳይከለከል፤ ስለ እርግማን የሚወራውም ወሬ በፊታችሁ ዝም ተብሎ እንዳያልፍ እንለምናለን። የእናንተ አንድ ቃል በሽሽግ የሚያድገውን ልጅ ወደ ሐኪም ደጅ ሊያወጣው ይችላል። ሐኪሙ ለዐይን መዝጊያውን ሠርቶ ይሰጣል፤ ሌሊት ሌሊት የሚዘጋው ግን የቤቱ ሰው ነው።